መምህር ባስልዮስ በፍየል ኅብለ ሰረሰር ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ «አይቻለሁ» በስድስተኛው ዓመት፣ ተራው ሰው ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ብሎ በሚቆጥረው፣ በወርኃ ኅዳር፣ ነፋሱ ከካራማራ ወርዶ የጅግጅጋን አቧራ ለየቢሮው ማኅተምና ለየሻይ ብርጭቆው ሳያዳላ በሚያድልበት ወራት፣ ጋውን ለባሹ፣ ባለ ሁለት መነጽሩ፣ የአራት ማይክሮስኮፖች ጌታ፣ ከአራቱም በሚሠሩት በሁለቱ ብቻ ተጠቃሚ፣ የፎርማሊን ሽታ የማይበግራቸው፣ አያታቸው ከመድፍ ጫኝ በቅሎ ጋር መጥተው በቅሎዋ ስትሞት እዚያው የቀሩት፣ መምህር ባስልዮስ ዘጅግጅጋ ታጥቀው ተነሡ። የተነሡበትም ጠላት ፈረስና ጋሻ ያልነበረው፣ ከስፌት ክር የቀጠነ፣ በፍየል ጀርባ ውስጥ የሚኖር አንድ ቦይ ነበረ።

የዚህን ጠላት አኗኗር ለማያውቅ ነገሩ እንዲህ ነው። በጀርባ አጥንት ቀለበቶች ውስጥ ኅብለ ሰረሰር የሚባል ነጭ ገመድ ይወርዳል፤ በገመዱም እምብርት የአንጎል ውሃ የሚሄድበት ጠባብ ቦይ አለ፤ የቦዩንም ግድግዳ ኤፔንዳይማ የሚባሉ ህዋሳት ያለብሱታል፤ እነርሱም በአንድ ረድፍ ብቻ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚቆሙ፣ ፊታቸውን ሁሉ ወደ ቦዩ ያዞሩ፣ በግንባራቸው ጥቃቅን ጸጉር ያበቀሉ፣ በዚያም ጸጉር ውሃውን እየቀዘፉ የሚያሳልፉ፣ ከሥራቸው ግን እንደ ሌሎች የሽፋን ህዋሳት ምንጣፍ ያልተነጠፈላቸው፣ እግራቸው እንደ ጭራ ቀጥኖ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ናቸው። መምህር ባስልዮስ ይህን ሁሉ እንደ ዘወትር ጸሎት በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ በየዓመቱም በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እያስዋቡ በሰሌዳ ላይ ይሥሉት ነበር። አይተውት ግን አያውቁም።

ዘመኑስ ስለ ምን «አይቻለሁ» ተባለ የሚል ቢኖር፣ ምክንያቱ ይህ ነው። በዘመኑ መባቻ፣ መምህሩ በከተማዋ ዳር ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ፣ ስሙን ስለ ክብሩ መተው ይሻላል፣ የህዋሳትን ትምህርት ሊያስተምሩ በተሾሙ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሐርተሼክ የመጣች ዐኒሳ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ ደብተሯን በማስመሪያ የምታሰምር፣ እጇን አንሥታ በክፍሉ ሁሉ ፊት እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ይቅርታ ቲቸር፤ እርስዎ ግን በዓይንዎ አይተውታል?» በዚያች ቅጽበት ለመምህሩ ሁለት መንገድ ተከፈተላቸው፤ አንዱ አጭር ነበረ። አጭሩን መርጠው፣ የጋውናቸውን ኮሌታ አስተካክለው፣ «አይቻለሁ!» ብለው አወጁ፤ ዐኒሳም በደብተሯ «ቲቸር አይተውታል» ብላ ጽፋ በቀይ አሰመረችበት። ይህ ባልከፋ ነበር፤ ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ዐኒሳ ግን ተመረቀችና አልሄደችም። በከፍተኛ ማዕረግ ስለ ተመረቀች ኮሌጁ ለዚያው ላቦራቶሪ ረዳት አድርጎ ቀጠራት፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር፣ መምህሩም ያንኑ አዋጅ ባወጁ ቁጥር፣ እርሷ ከበስተኋላቸው ቆማ ስላይድ የሚባለውን የማይክሮስኮፕ መስታወት ትወለውላለች። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አታያቸውም ነበር፤ መምህሩን የሚያንገበግባቸውም እርሱ ነበር።

ወእምዝ ቃላቸውን እውነት ሊያደርጉ በየዓመቱ በስውር ዘመቱ። በአንደኛው ዓመት መብራት ጠፍቶ፣ ሥጋው የሚቀበርበት ሰም እንደ ድንጋይ ረጋ፤ በሁለተኛው ወረርሽኙ መጥቶ ኮሌጁ ተዘጋ፤ በሦስተኛው ማይክሮቶም የሚባለው፣ ሥጋን በስሱ የሚሸልተው መሣሪያ፣ ምላጩ ዶለዶመ፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ሁሉ ነገር ሠመረላቸውና በማይክሮስኮፑ ሥር የታያቸው ግማሽ ጨረቃ ብቻ ሆነ፤ ጠርዙም አይጥ የበላው ወረቀት ይመስል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህን ሥጋ ከየት አመጣሁት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መምህር ባስልዮስ ግን ሊቅ ናቸውና ትምህርት አወጡበት፤ በማስተማሪያ ጽሑፋቸውም «የአርብቶ አደር ፍየል ኅብለ ሰረሰር በተፈጥሮው ግማሽ ክብ ሳይሆን አይቀርም» ብለው አሰፈሩ፤ ሥዕሉንም በላቦራቶሪው ሰሌዳ ጥግ ሥለው እንዳይጠፋ አዘዙ፤ ይህም ነገር ሁለት ጊዜ ለፈተና ወጥቶ፣ ክብ ነው ያሉ ተማሪዎች ነጥብ ጣሉበት።

የዘመቻውን ሥጋ ሁሉ የሚያገኙት ከማርዎ ዘንድ ነበረ። ማርዎ በገበያው የፍየል ሥጋ ከሚሸጡት ሴቶች ሁሉ እጇ የተመሰከረለት ናት። በዚያ ገበያ ሁለት ቤት አንድ ፍየል ገዝቶ ለሁለት ይካፈላል፤ መጥረቢያውም ከጭራ እስከ አንገት በአከርካሪው ላይ መሃል ለመሃል ካልወረደ ጠብ ይነሣል፤ የማርዎ መጥረቢያ ግን የጣት ስፋት እንኳ ተዛንፎ አያውቅም፤ በደገሀቡር መንገድ የሚመጡ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሌላውን ሁሉ አልፈው ከእርሷ ይገዛሉ። መምህሩም ለሳይንስ የሚመጥነው እንዲህ ያለው ንጹሕ አቆራረጥ ነው ብለው፣ ከእጀኞች ሁሉ እጀኛዋን መረጡ።

በዚያች ከተማ ክርስቲያኑ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ሙስሊሙም ከሙስሊሙ መግዛቱ የቆየ ልማድ ነው፤ መምህሩ ግን የክርስቲያኑን ሥጋ ቤት ፈሩት፤ የባለቤቱ ልጅ ተማሪያቸው ነበረና። ለማርዎም ቢሆን እውነቱን አልነገሯትም፤ «አከርካሪ ስጪኝ፣ ለሾርባ ነው» አሏት። ስድስት ዓመት ሾርባ። ጎረቤታቸው እታገኘሁ በጾመ ነቢያት አከርካሪ በፌስታል ተሸክመው ሲገቡ አይታ፣ ለጽዋ ማኅበሩ አባላት አንድም ሳታስቀር አዳረሰች፤ መምህሩም «አላየሁም» ከሚሉ ጾም ሻሪ መባልን መርጠው አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። ኩራታቸው ይህን ያህል ነበር።

በዚህ መካከል፣ በኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ የኮሌጁ ዲን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዋጅ ሰቀሉ፤ ቃሉም ይህ ነበረ፦ «በዚህ ኮሌጅ ያላችሁ ላቦራቶሪዎች ሁሉ ስሙ! ከዛሬ ሃያ አንድ ቀን በኋላ የጥራት ኮሚቴ ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል ለተማሪ አሳያለሁ ብሎ በጽሑፍ ያሰፈረውን በገዛ እጁ ሠርቶ ያሳይ። ያላሳየ ክፍል የምረቃ ድንኳንና ወንበር ማከማቻ ይሆናል፤ መምህሩም ወደ ሬጅስትራር ተዛውሮ ፋይል ይደረድራል። የሰማህ ላልሰማው ንገር!»

መምህሩም ሮጠው የትምህርት ዕቅዳቸውን ገለጡ፤ በተራ ቁጥር ዐሥራ አራት «ተማሪው የኅብለ ሰረሰርን የመሃል ቦይና የሽፋን ህዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ያያል» የሚል አገኙ፤ የማን ፊርማ ነው ብለው ቢያዩ የራሳቸው ነው። ያን ጊዜ ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ። ያችን ክፍል ይወዷት ነበር፤ ጣሪያዋ ቢያፈስም፣ መስኮቷ በካርቶን ቢደፈንም፣ ጠዋት ሲከፍቷት የምትሸተውን የአልኮልና የሰም ሽታ ከሽቶ ሁሉ ያስበልጡ ነበር። በዚያች ክፍል ድንኳን ተጠቅልሎ ሲጋደም፣ እርሳቸውም በሬጅስትራር መስኮት ተቀምጠው የሌላ ሰው ተማሪዎች ስም በፊደል ተራ ሲደረድሩ ታያቸውና፣ የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ወእምዝ በኅዳር ዐሥራ ስምንት ቀን፣ በዕለተ ረቡዕ፣ የመጨረሻው ዘመቻ ከኮሌጁ በር ወጣ። የሠራዊቱም ዝርዝር ይህ ነው፦ ከፊት ሰማያዊ ባጃጅ፣ በባጃጁም መሪ ላይ በመንገዱ ሁሉ ስልክ ያናገረ ሾፌር፤ ከኋላ በቀኝ መምህሩ ራሳቸው፤ በግራ ዐኒሳ፣ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘመቻ የተጠራች፣ የተጠራችውም ዕቃ የሚይዝ ሌላ ሰው ስለ ጠፋ፤ በመካከላቸው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን፤ በሳጥኑ ውስጥ የፎርማሊን ብልቃጥ፣ ሁለት ጥንድ ጓንትና አንድ መቀስ፤ በመምህሩም የደረት ኪስ ባለ ክብ ማኅተም፣ ባለ ሁለት ግልባጭ የትብብር ደብዳቤ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ። ባጃጁ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አንዱን ለግመል፣ አንዱን ለሚኒስትር አጀብ፤ ግመሉ ፈጥኖ አለፈ።

ገበያም በደረሱ ጊዜ መምህሩ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ለማርዎ ሰጡ። ማርዎም ማኅተሙን አየች፣ ወረቀቱ ወፍራም መሆኑን በጣቷ ፈተነች፣ ደስ አላትና ዝንብ ታባርርበት ጀመር፤ የኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ለማንም እንዲያ ጠቅሞ አያውቅም። መምህሩ እንደ ልማዳቸው ስለ ሾርባ ሊያውጁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ዐኒሳ፣ የሾርባውን ወሬ ከከተማው ሰምታው ኖሮ፣ በሶማልኛ ቀደመቻቸው። ቃሏ አጭር ነበረ፤ ሾርባ የለም፣ እኚህ ሰው የሚፈልጉት በአጥንቱ ውስጥ ያለውን የነጩን ገመድ መሃል ነው፣ ለኮሚቴ ሊያሳዩት ነው የሚል ነበረ። መምህሩ የጅግጅጋ ልጅ ናቸውና አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙ፤ ጆሯቸውም ጋለ።

ማርዎ ግን ሳቀች። የተሰቀለውን የፍየል እግር ይዛ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች፤ ከዚያም ገበያው ሁሉ እየሰማ በአማርኛ አወጀች፦ «መዓሊን!» መምህር ማለቷ ነው፤ «መዓሊን፣ ስድስት ዓመት ሾርባ ሾርባ ስትል እኔ ወላሂ አዘንኩልህ! ሚስት የለውም አልኩ፤ ይሄ ሰውዬ አጥንት ብቻ ነው የሚበላው አልኩ፤ ምራቂ እየጨመርኩ ሰጠሁህ! መሃሉን ፈልገህ ነው እንዴ? መሃሉ እኮ እዚህ ነው!» አለችና መጥረቢያዋን ከፍ አድርጋ ስለቱን አሳየች። «ሁሌ መሃሉን ነው የምመታው! አንድም ቀን አልሳትኩም! መሃሉን መጥረቢያዬ በላው። ለምን አትናገርም?»

የአርብቶ አደር ፍየል ግማሽ ክብ ኅብለ ሰረሰር፣ ሁለት ጊዜ ለፈተና የወጣው፣ በዚያች ሰዓት በማርዎ የሥጋ መክተፊያ ግንድ ላይ ሞተ። መምህሩ በስድስት ዓመት ውስጥ መብራቱን ከስሰዋል፣ ምላጩን ከስሰዋል፣ ፎርማሊኑን ከስሰዋል፣ ፍየሏን ራሷን ከስሰዋል፤ ሥጋ ሻጯን አንድ ጊዜ ቢጠይቋት ኖሮ ግን በመጀመሪያው ዓመት በጨረሱት ነበር። ዐኒሳ የሳጥኑን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ አሁንም ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ማርዎም ሁለተኛውን አዋጅ አስነገረች። የዚያን ዕለት ፍየል ለሁለት ሊካፈሉ የመጡ ሁለት ሴቶች ቆመው ነበርና ወደ እነርሱ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ስሙ እህቶቼ፣ ዛሬ እኩል የለም! አከርካሪው አይነካም፤ ከጎን ነው የምቆርጠው። ለአንዷ ይበዛል፣ ለአንዷ ያንሳል። ለትምህርት ነው። ያልፈለገች ሌላ ጋ ትሂድ!» አንደኛዋ አጉረምርማ ቀረች፤ ሁለተኛዋ ግን ሌላ ጋ ሄደች። ማርዎ በሃያ ዓመት ሥራዋ በአቆራረጧ ደንበኛ ሲሄድባት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሴትየዋ እስክትሰወር ድረስም በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያም ቢላዋ አንሥታ፣ የአንገቱን አጥንት ቀለበት በቀለበት ፈልቅቃ፣ የጣት ርዝመት ያላትን ነጭ ገመድ፣ ክብ፣ ሙሉ፣ ጭረት ያልነካት፣ በመዳፏ አውጥታ በብልቃጡ ውስጥ አስተኛቻት። ዋጋዋንም አወጀች፦ «ኮሚቴው የሚያየውን እኔም አያለሁ።» መምህሩም እሺ አሉ፤ እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የትዕግሥት ሥራ ነው። ገመዷ ሰባት ቀን በፎርማሊን ጸናች፤ ከቀጭን አልኮል ወደ ብርቱ አልኮል እየተሻገረች ውሃዋን ለቀቀች፤ ወደ ሰሙም ልትገባ በተዘጋጀች ጠዋት እንደ ተለመደው መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ዐኒሳ የሰሙን ማሰሮ ታቅፋ ወጥታ በኮሌጁ በር ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ከሰል ጎን አስቀመጠችው፤ ሰሙ እንዳይፈላም እንዳይረጋም፣ ቴርሞሜትር ይዛ ከሻይ ጠጪዎች መካከል ግማሽ ቀን ተቀመጠች፤ የመጣው ሁሉ ምን ዓይነት ወጥ እንደሆነ ይጠይቃት ነበር። ስትመለስ ፊቷ ጥላሸት ነክቶት ነበር። መምህሩ አመሰግናለሁ ሊሉ አስበው ስለ ሰሙ ሙቀት ጠየቋት።

በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሥጋው በማይክሮቶሙ ተሸልቶ፣ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ታጥቦ፣ በመስታወት ተከድኖ፣ መምህር ባስልዮስ ጎንበስ አሉ። በመጀመሪያ ሙሉ ክብ አዩ። በክቡ ውስጥ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ግራጫ ሥፍራ፣ በቢራቢሮውም ወገብ ላይ አንዲት ቀዳዳ አዩ። ማጉያውን ቀየሩ፣ እንደገና ቀየሩ፤ ቀዳዳዋም እየሰፋች መጣችና ግድግዳዋ ተገለጠ። ቆመው ነበር። በአንድ ረድፍ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሐምራዊ እንቁላል የመሰለው አስኳላቸው ከሥር በኩል በልክ ተሰልፎ፣ ግንባራቸው ሁሉ ወደ ባዶው ዞሮ፣ በግንባራቸውም ላይ ያ ጥቃቅን ጸጉር፣ አንድ ጊዜ ውሃ ሲቀዝፍ የነበረው፣ ባለበት ቀርቶ። ዜና መዋዕል እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ አይወድም፤ ነገር ግን መምህር ባስልዮስ አለቀሱ፤ አንደኛው መነጽራቸው ጉም ለበሰ፤ ሁለተኛውን አደረጉና እርሱም ለበሰ። ዐኒሳ ከጎናቸው ቆማ ነበር። የስድስት ዓመቱ ነገር እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጣ፤ ከዚያ ግን ተመለሰና «ጥሩ ወጥቷል» አሉ። እርሷም ተራዋን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

በሦስተኛውም ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ኮሚቴው ገባ። የገቡትም እነዚህ ናቸው፦ ሰብሳቢው ዶክተር የሺጥላ፣ ባለ ሰባት ማኅተሙ፣ ከአዳራሽ በቀር ሌላ ክፍል ከገቡ ዓመታት ያለፏቸው፤ ምክትላቸው፣ ሰብሳቢው ሲስሉ የሚስል፤ ጸሐፊዋ፣ ዓይኗን የተኳለች፤ ፎቶ አንሺው፤ የሰብሳቢውን ቦርሳ የሚይዝ ሰው፤ ለምን እንደመጣ ያልታወቀ ሌላ አንድ ሰው፤ ከሁሉም ኋላ ዲኑ፣ በልባቸው ድንኳኑን በየት በኩል እንደሚያስገቡ በሩን በዓይናቸው የሚለኩ። በመማሪያ መጻሕፍት እንደ ተጻፈው፣ ይህ ቦይ በሰው ዘንድ ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ይደፈናል፤ የኮሚቴ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚያፋጥነው ግን እስካሁን አልተጠናም።

ዶክተር የሺጥላም በማይክሮስኮፑ ላይ ተደፉ፤ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቀው፣ አንዱንም መዘውር ሳይነኩ፣ ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና አወጁ፦ «አይቻለሁ! እጅግ የሚደነቅ ነው! ጸጉሩ ረጅም፣ ጥቁር፣ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ደግሞም ይንቀሳቀሳል! ጸሐፊ፣ ያዢ፤ ይንቀሳቀሳል!» ፍየሏ ከሞተች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ማይክሮስኮፕ የማያውቅ ሰው ዓይኑን ሲያጣብቅ የሚያየው የራሱን የዓይን ሽፋሽፍት መሆኑን መምህር ባስልዮስ በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ያስተምራሉ። ከሰብሳቢው በኋላ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ተደፉ፤ ሁሉም ረጅምና ጥቁር አሉ፤ ምክትሉ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ አለ፤ ኩል የተኳለችው ጸሐፊም «የኔማ ከሁሉ ይረዝማል!» ብላ በደስታ አወጀች፤ ያልታወቀውም ሰው አየሁ አለ።

መምህሩ የዶክተሩን «አይቻለሁ» በሰሙ ጊዜ ድምፁን አወቁት። የራሳቸው ነበር፤ ኮሌታ ማስተካከሉ እንኳ አልቀረም። ማረም ነበረባቸው፤ ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ዲኑ ግን በበሩ ላይ ቆመዋል፣ ድንኳኑም በዲኑ ዓይን ውስጥ ነበረ። ወደ ዐኒሳ አዩ፤ ዐኒሳ ወለሉን ታያለች። ከዚያም መምህር ባስልዮስ፣ ከፎርማሊን ያልሸሹት፣ እጅ ነሥተው «እናመሰግናለን» አሉ። ማኅተሙ ሰባት ጊዜ ተመታ፤ ክፍሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተባለ፤ በቃለ ጉባኤውም የዚህ ኮሌጅ ህዋሳት በመስታወት ውስጥ እንኳ የማይሞቱ መሆናቸው ሰፈረ። ኮሚቴውም በመጣበት አኳኋን፣ ሰብሳቢው እየሳሉ ምክትሉም እየሳለ፣ ወደ ምሳ ሄደ። ክፍሏ ተረፈች። መምህሩ ደስ ሊላቸው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ አፈሩ።

ከሰዓት በኋላ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለትምህርት ገብተው ወንበር ሲጎትቱ፣ ማርዎ መጣች። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ጥበቃውን እንዴት እንዳለፈችው ሳይታወቅ፣ በመሃል ቆማ «የኔ ፍየል የታለች?» ብላ አወጀች። መምህሩ ወንበር አቀረቡላት። ማርዎም እንደ ሰብሳቢው ዓይኗን አጣብቃ አየችና፣ ወዲያው ቀና ብላ፣ በሠላሳ ስድስት ተማሪዎች ፊት ድምፅዋን ሳትቀንስ እንዲህ አለች፦ «ምንም የለም! ምንም አላየሁም። ጥቁር ጥቁር ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ የራሴ ሽፋሽፍት ነው። መዓሊን፣ እኔን ታሾፍብኛለህ?»

በዚያ ቀን በዚያ ክፍል «አላየሁም» ያለ ሰው እርሷ ብቻ ነበረች። መምህሩም በስድስት ዓመት ያልመጣላቸው ደስታ ዛሬ መጣላቸው፤ ከጎኗ ተንበርክከው ራሷን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ እንድትመልስ፣ ሌላውን ዓይኗን እንዳትጨፍን፣ ትንሿን መዘውር በቀስታ፣ እንደ ቢላ አሳሳል በቀስታ፣ እንድታዞር አስተማሯት። ማርዎ አዞረች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሣ፣ ለራሷ እንደምትናገር አወጀች፦ «ቆመዋል… በመስመር ቆመዋል። አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እኩል ነው። ወላሂ፣ ከኔ መጥረቢያ በላይ እኩል ነው።» ደጋግማም አየች፤ አንዴም ሳቀች። በመጨረሻም ቀና አለችና፣ ተንኮል ሳታስብ፣ ሰው ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ጠየቀች፦ «እና መዓሊን፣ አንተ መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?»

ዐኒሳ በመታጠቢያው ገንዳ ላይ ስላይድ ታጥብ ነበር፤ የቧንቧው ውሃ ይወርዳል። ከፊት ወንበር አንድ ተማሪ ብዕሩን አዘጋጅቶ መልሱን ይጠብቃል። አጭሩ መንገድ እንደ ድሮው ተከፍቶ ነበር፤ ረጅሙም ተከፍቶ ነበር፤ መምህር ባስልዮስ ግን ይህን ጊዜ ኮሌታቸውን አላስተካከሉም። ሁለቱንም መነጽር አውልቀው፣ ያለ መነጽር ምንም ሳይታያቸው፣ በሕይወታቸው ካወጁት አዋጅ ሁሉ ያጠረውን አወጁ፦ «ማክሰኞ።»

ማርዎ አልገባትም፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ከኋላ ቧንቧው ተዘጋ። ዐኒሳ እርጥብ እጇን በጋውኗ ጠርጋ፣ ዞራ፣ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻቸውና አወጀች፦ «እኔም ቲቸር። እኔም ማክሰኞ ነው ያየሁት።» ብላም ወደ ሰሌዳው ሄዳ፣ እዚያ የኖረውን ግማሽ ክብ በእጇ መዳፍ አጠፋችው።

በዚህም ዘመነ «አይቻለሁ» ተፈጸመ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፤ በምትኩም ዘመነ ማክሰኞ ገባ፤ ይህም ዜና በዘመነ ማክሰኞ በሦስተኛው ቀን ተጻፈ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ በሰባቱ ማኅተሞች ታሽጎ በዲኑ ቁም ሣጥን ተቀምጧል፤ በዚያም ውስጥ ጸጉሩ እስከ ዛሬ ይንቀሳቀሳል። ክብ ነው ብለው ነጥብ የጣሉ ተማሪዎች ነጥባቸው እንዲመለስላቸው መምህሩ ለሬጅስትራር ማመልከቻ ጽፈዋል፤ ሬጅስትራሩም በፊደል ተራ ደርድሮታል። ማርዎ በማግስቱ ፍየሏን እኩል ሰነጠቀች፤ ሌላ ጋ የሄደችው ሴትም ተመለሰች። እነሆ ባስልዮስ ዘጅግጅጋ፣ ጋውን ለባሹ፣ ባለ ሁለት መነጽሩ፣ የአራት ማይክሮስኮፖች ጌታ፣ ድንኳንን ከደጃቸው የመለሱ፣ ስማቸው ከካራማራ እስከ ደገሀቡር መንገድ ይጠራ፤ ሾርባቸውም ይባረክ! ከኮሚቴው ፊት ዝም አሉ፤ ከአንዲት ሥጋ ሻጭ ፊት ግን ዝም አላሉም።